የክር ቪዲዮ ካሜራ ሥዕል ሲበላሽ፤ ስለ ምርመራውና ስለ ሄድ አጠራረግ ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

በክር የሚሠራው የቪዲዮ ካሜራ እንደ አዲስ ሸቀጥ መሸጡ ከቀረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በሱቆቻችን መስኮት የነበረውን ቦታም ለማስታወሻ ካርድ ካሜራና ለእጅ ስልክ ለቋል። ይሁን እንጂ ንግዱ መልኩን ለወጠ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። ቀድሞ ካሜራው የሚፈለገው ሰርጉንና ክርስትናውን ለመቅረጽ ነበር፤ ዛሬ የሚፈለገው ግን ያን ጊዜ የተቀረጸውን ለማየትና ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ ነው። በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ካሴት የሟች አባትን ድምፅ፣ የአያትን ምርቃት፣ ዛሬ ለአቅመ አዳም የደረሰውን ልጅ የክርስትና ቀን የያዘ ስለ ሆነ፤ ባለቤቱ ለማስገልበጫ የሚጠየቀውን ዋጋ ያለ ብዙ ክርክር ይከፍላል። ከአሜሪካ፣ ከአውሮጳ፣ ከእስራኤልና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ዘመድ ለመጠየቅ የሚመጡ ወገኖችም እንዲህ ያለውን ካሴት በሻንጣቸው ይዘው ይመጣሉ።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ዓይነት ኪሣራ ይደርሳል። አንደኛው፤ ጤነኛው ካሜራ እንደ ሞተ ተቆጥሮ በመለዋወጫ ዋጋ መሸጡ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ግን የደንበኛው ካሴት ባልተመረመረ ካሜራ ውስጥ ገብቶ መበላሸቱ ነው። የመጀመሪያው ኪሣራ በገንዘብ ይተካል፤ ሁለተኛው በምንም አይተካም፤ ካሴቱ ያለው አንድ ብቻ ነውና። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ስሕተት ነው፤ ይኸውም ሥዕሉ በተበላሸ ጊዜ ምክንያቱ ከካሜራው ዐይን ነው፣ ከሄዱ ነው ወይስ ከክሩ ነው ብሎ ሳይለዩ ወደ መጥረግ ወይም ወደ መፍታት መቸኮል ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የመጨረሻው የቪዲዮ ማጫወቻ ሠሪ ሆኖ ይታወቅ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ሥራውን አቁሟል። ሶኒ ደግሞ የሚኒ ዲቪ ባዶ ካሴት መሥራቱን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 አብቅቷል። ከእንግዲህ በገበያ የሚዞረው ማጫወቻ ሁሉ ያገለገለ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ በግዴለሽነት ሲሰበር ከገበያው አንድ ይጎድላል እንጂ አዲስ አይተካም። ስለዚህ ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ፣ የሚሸጥ፣ ወይም ካሴት የሚገለብጥ ሁሉ የሚከተለውን ማወቁ ይጠቅመዋል።

ሄድ ምንድን ነው?

በድምፅ ካሴት ማጫወቻ ውስጥ ሄዱ በቦታው ቆሞ ክሩ በፊቱ ያልፋል። በቪዲዮ ካሜራ ግን ሄዱ ራሱ ይሽከረከራል። ድራም በሚባል፣ እንደ መስታወት በተወለወለ ትንሽ የብረት ከበሮ ላይ ሁለት ሄዶች ፊት ለፊት ተተክለዋል፤ ክሩ ድራሙን በሰያፍ ታቅፎ በዝግታ ሲያልፍ እነርሱ እየተሽከረከሩ በክሩ ላይ ሰያፍ መስመሮችን ይጽፋሉ፤ በማጫወት ጊዜም እነዚያኑ መስመሮች ያነባሉ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. የወጣውን የዲቪ ሥርዓት እንደ ምሳሌ ብንወስድ፤ ድራሙ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 21.7 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን በደቂቃ 9,000 ጊዜ ይዞራል። ክሩ 6.35 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ሁለት ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ሒሳብ ማገናዘብ ለሚወድ አንባቢ፤ 9,000 ዙር በደቂቃ ማለት 150 ዙር በሰከንድ ነው፤ በሁለት ሄድ ሲባዛ 300 መስመር ይሆናል፤ በፓል ሥርዓት አንዱ ሥዕል በ12 መስመር ስለሚጻፍ 300 ለ12 ሲካፈል በሰከንድ 25 ሥዕል ይወጣል። እያንዳንዱ መስመር ስፋቱ 10 ማይክሮን፣ ማለት የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ይህን ያህል ቁጥር መዘርዘራችን ለማስደነቅ አይደለም። በዐይን የማይታይ አቧራ ሄዱንና ክሩን ሲያለያያቸው ሥዕሉ ለምን ወዲያው እንደሚጠፋ፣ በጥጥ የተደረገ አንድ ግድ የለሽ ጥረጋም ሄዱን ለምን እንደሚነቅል የሚያስረዳው ይኸው ቁጥር ነው። የቪ.ኤች.ኤስ. ድራም 62 ሚሊሜትር ስፋት ኖሮት በፓል በደቂቃ 1,500 ጊዜ ስለሚዞር ከዚህ ይልቅ ቻይ ነው፤ በትንሽነት የሚታወቀው ሚኒ ዲቪ ግን እንክብካቤ የሚሻ ነው።

ሄዱን የሚያቆሽሸው በመጀመሪያ ከራሱ ከክሩ ገጽ የሚፋቅ ዱቄት ነው። ቀጥሎ የበጋ አቧራ፣ የሲጋራና የዕጣን ጢስ፣ የሻገተ ካሴትም ይጨመሩበታል። የልዩ ልዩ ፋብሪካ ክሮችን ማቀላቀል ሄድ ይደፍናል የሚለው አሳብ ባለሙያዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው፤ ሆኖም የሚቀርጽ ሰው አንዱን ዓይነት መርጦ በእርሱ መጽናቱ ምንም አይጎዳውም።

ምልክቶቹን ስለ ማንበብ

ደንበኛ ወይም ሻጭ «ሥዕሉ ተበላሽቷል» ሲል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ነው የሚበላሸው? ካሴት ስታጫውት ነው ወይስ ካሜራውን ወደ ሰው ስታዞር?» የሚል መሆን አለበት። ካሴት ሳይገባበት ካሜራውን ለመቅረጽ አዘጋጅቶ መስኮቱን መመልከት ይበቃል። ሥዕሉ ገና በዚህ ጊዜ ከጠቆረ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ከያዘ፣ ወይም በቁም መስመር ከተበጣጠሰ ሄዱ በዚህ ነገር ውስጥ የለበትም፤ ምክንያቱም ገና ምንም አልተጻፈም፣ ምንም አልተነበበም። ጥፋቱ ከሌንሱ በስተኋላ ካለው ሲ.ሲ.ዲ. ከሚባለው ሥዕል ተቀባይ ወይም ከኤሌክትሪክ ክፍሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ሶኒ የሠራቸው ሥዕል ተቀባዮች ሙቀትና እርጥበት በበዛበት ሥፍራ እንደሚበላሹ ተገልጦ፤ በዚሁ ዕቃ የተጠቀሙ የሌሎች ፋብሪካዎች ካሜራዎች ጭምር ያለ ክፍያ እንዲጠገኑ ተደርጎ ነበር። የዚያ ዘመን ካሜራ በአሁኑ ጊዜ ወደ ሱቅ ሲመጣ ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ የንግድ ነገር አለ። ዐይኑ የጠፋ ካሜራ ሠርግ ለመቅረጽ አይሆንም፤ የክር ክፍሉ ጤነኛ ከሆነ ግን ካሴት ለማጫወት እንደ ማንኛውም ጤነኛ ካሜራ ያገለግላል። ይህን ሳያውቁ እንዲህ ያለውን ዕቃ እንደ ውዳቂ የሚሸጡ አሉ፤ ዐዋቂ ነጋዴ ደግሞ በዚሁ ዋጋ ይገዛዋል።

ዐይኑ ደኅና ሆኖ ሥዕሉ በማጫወት ጊዜ ብቻ ከተበላሸ ወደ ሄዱና ወደ ክሩ እንመለሳለን። በዲጂታሉ ሚኒ ዲቪ የቆሸሸ ሄድ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሥዕሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፋፈላል፣ እንደ ሞዛይክ ንጣፍ ይሆናል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ከሁለቱ ሄዶች አንደኛው ብቻ ሲደፈን የሚታየው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ ነው፤ ሥዕሉ በአግድም ቀበቶ ቀበቶ ሆኖ፣ አንዱ ቀበቶ ሲንቀሳቀስ ቀጥሎ ያለው ደርቆ ይቀራል። ከላይ እንደ ገለጽነው አንዱን ሥዕል የሚሠሩት 12 መስመሮች በሁለቱ ሄዶች እየተፈራረቁ ስለሚጻፉ፤ አንዱ ሄድ ሲታወር ግማሹ ሥዕል ይጠፋል። ይህን ቀበቶ ያየ ባለሱቅ ሌላ ምርመራ ሳያበዛ ጥረጋን ቢያስብ አይሳሳትም። ሁለቱም ሄዶች ፈጽሞ ከተደፈኑ መስኮቱ ሰማያዊ ብቻ ይሆናል።

ነገር ግን ሰማያዊ ሁሉ የሄድ ቁሻሻ አይደለም። ምንም ያልተቀረጸበት ክርም ሰማያዊ ያሳያል። እንደዚሁም ዲጂታል ካሴት በፍጥነት ወደፊት ወይም ወደኋላ እየታየ ሲሄድ ሥዕሉ በአራት ማዕዘን መከፋፈሉ የተፈጥሮው ነው፤ ካሜራ ለመግዛት የመጣ ሰው ይህን አይቶ ዋጋ ዝቅ ለማድረግ ሲሞክር ባለሱቁ ሊያስረዳው ይገባል።

በአሮጌዎቹ በቪ.ኤች.ኤስ.ና እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. በወጣው ቪዲዮ 8 የቆሸሸ ሄድ እንደ በረዶ የሚበተን ነጭ ነጠብጣብ ያመጣል፤ አንዱ ሄድ ብቻ ሲሆን ሥዕሉ ከነጠብጣቡ ጋር ይርገበገባል። የነጠብጣቡ ቀበቶ በላይኛው ወይም በታችኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ጸንቶ ከቆመ ግን ነገሩ ቁሻሻ ሳይሆን ክሩን የሚመሩት ትንንሽ ምሰሶዎች ከልካቸው መዛነፋቸው ሊሆን ስለሚችል፤ ለዚህ ባለሙያ እንጂ አልኮል አይጠቅመውም። ነጭ መስመር አልፎ አልፎ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ክሩ በዚያ ቦታ ላይ ተፍቋል ማለት ነው።

ምልክቱን ካዩ በኋላ ክሩን ከካሜራው መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን፣ ቢበላሽ የማይጸጽት፣ በሌላ ጤነኛ ካሜራ የተቀረጸ አንድ የመሞከሪያ ካሴት በሱቁ ውስጥ ዘወትር ይኑር። ካሜራው ይህን በደንብ አጫውቶ የደንበኛውን ካሴት ካበላሸ ጥፋቱ ከካሴቱ ነው። የመሞከሪያውንም ካበላሸ ከካሜራው ነው። ሁለተኛው ፈተና በካሜራው በራሱ ሁለት ደቂቃ ቀርጾ ማጫወት ነው። የራሱን ጽሑፍ አጥርቶ የሚያነብ፣ የሌላውን ግን የማያነብ ካሜራ ሄዱ ንጹሕ፣ ምሰሶው ግን የተዛነፈ ነው። የሌላውን ደኅና አድርጎ አንብቦ በራሱ የጻፈው ሲበላሽ ደግሞ መጻፉ ላይ ችግር አለ፤ እንዲህ ያለው ካሜራ ለቀረጻ ባይሆንም ለመገልበጥ ሥራ ይበቃል።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር ይወጣል። የተዛነፈ ካሜራ የጻፈውን ካሴት ደኅና አድርጎ የሚያነበው ብዙውን ጊዜ ያው የተዛነፈው ካሜራ ነው። ስለዚህ ደንበኛ ካሴት ይዞ ሲመጣ «የተቀረጸበት ካሜራ ዛሬም አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅና ካለ ይዞት እንዲመጣ መንገር ብዙ ድካም ያድናል። ይህ በተለይ ክር ለመቆጠብ ሲባል ኤል.ፒ. በሚባለው ረጅም አቀራረጽ ለተቀረጹት ካሴቶች ይሠራል። በኤል.ፒ. የ60 ደቂቃው ካሴት 90 ደቂቃ ይይዛል፤ መስመሩ ግን ከ10 ማይክሮን ወደ 6.7 ማይክሮን ስለሚጠብ በሌላ ካሜራ ለማንበብ ያስቸግራል። በዚያን ጊዜ የተቆጠበው የግማሽ ሰዓት ክር ዛሬ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

የሶኒ ካሜራዎች ደግሞ ሕመማቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። በመስኮቱ ላይ የላቲን ሲ ፊደል ከቁጥር ጋር ሲታይ፤ 21 ከሆነ በውስጡ እርጥበት ይዟል፤ 22 ከሆነ ሄዱ ቆሽሿል ማለት ነው። 31 ወይም 32 ከሆነ ካሴቱን አውጥቶ ባትሪውን ነቅሎ እንደገና መሞከር ይገባል። በፊደል ኢ የሚጀምሩት 61ና 62 ግን ወደ ጠጋኝ የሚያስኬዱ ናቸው።

ስለ እርጥበት

21 ቁጥር የሚታይበት ካሜራ የተበላሸ አይደለም፤ የሚሻው ትዕግሥት ብቻ ነው። በሌሊት ብርድ ከደብረ ብርሃን የተነሣ ካሜራ በማግሥቱ ሰው ወደ ሞላበት ሞቃት አዳራሽ ሲገባ፣ ወይም ከደጋ ወርዶ በጂቡቲ ወደብ ሲከፈት፤ በቀዝቃዛው ድራም ላይ ጤዛ ይቋጠራል። ክሩም በእርጥቡ ድራም ላይ ተጣብቆ ይጠቀለላል፣ ይቀደዳል። መድኃኒቱ ካሴቱን አውጥቶ የካሴቱን በር ከፍቶ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ካሜራው ካሴቱን አልለቅ ካለ በጉልበት መጎተት አይገባም። ከሁሉ የሚሻለው ካሜራውን ከነላስቲክ ከረጢቱ ወደ ሞቃቱ ቤት አስገብቶ፣ ሙቀቱ እስኪስተካከል ድረስ ከረጢቱን አለመክፈት ነው፤ ጤዛው በላስቲኩ ላይ እንጂ በድራሙ ላይ አይቋጠርም።

ስለ አጠራረጉ

ሄዱ መቆሸሹ ከታወቀ በኋላ ጥረጋው ከቀላሉ ይጀምራል። አንዳንድ ጊዜ አዲስና ንጹሕ ካሴት ለጥቂት ደቂቃ ማጫወት ብቻውን ጉድፉን ያነሣል። ይህ ካልጠቀመ ደረቁ የማጽጃ ካሴት ይከተላል። የማጽጃው ካሴት ክር እንደ እጅግ ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ሄዱን እየፋቀ የሚያጸዳ ስለ ሆነ፤ ፋብሪካው ከጻፈው ጊዜ፣ ማለት ከ10 ሰከንድ ያህል በላይ ማስኬድ ሄዱን መብላት ነው። 10 ሰከንድ ካስኬዱ በኋላ አቁሞ፣ አውጥቶ፣ በመሞከሪያው ካሴት ማየት፤ ካልተሻለው ደግሞ መድገም ይቻላል። ሦስትና አራት ጊዜ ተደርጎ ለውጥ ካልመጣ ማቆም ይገባል። የማጽጃውን ካሴት ወደኋላ መልሶ እንደገና መጠቀም አይገባም፤ ያነሣውን ቁሻሻ መልሶ ይቀባልና።

በእጅ መጥረግ የመጨረሻው መንገድ ነው፤ እጁ ያልለመደ ሰው ለጠጋኝ ቢተወው ይሻለዋል። ያም ሆኖ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ባለሱቁ ማወቁ፤ ቢያንስ የሚያጠፋውን ጠጋኝ ለመለየት ይረዳዋል።

በመጀመሪያ የካሴቱ በር በኤሌክትሪክ ኃይል ተከፍቶ ካበቃ በኋላ ባትሪውና አዳፕተሩ ይነቀላሉ፤ ይህም ድራሙ በሥራ መካከል በድንገት እንዳይነሣ ነው። ለመጥረጊያ የሚሆነው 99 ከመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ከፋርማሲ ለቁስል የሚገዛው 70 ከመቶ አልኮል ቀሪው ውሃ ስለ ሆነ አይሆንም። ካቲካላና ሽቶ ደግሞ ከነጭራሹ የሚታሰቡ አይደሉም፤ ካቲካላ ውሃው ብዙ ነው፤ ሽቶም ዘይቱን ትቶ ይሄዳል።

መጥረጊያው ክር የማይተው መሆን አለበት፤ ለስላሳ ቆዳ ወይም ስፖንጅ የተለበጠ ትንሽ እንጨት ይስማማል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ክልክል ነው፤ የጥጡ ክር በሄዱ ጫፍ ይያዝና ሲጎተት ሄዱን ይሰብራል። በአልኮሉ የራሰውን መጥረጊያ በድራሙ ጎን ላይ በቀላሉ አስጠግቶ፣ እጅን ሳያንቀሳቅሱ መያዝ፤ በሌላው እጅ ደግሞ ድራሙን ክሩ በማይነካው በላይኛው ጠርዙ በኩል ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። የሚዞረው ድራሙ ነው፤ መጥረጊያው በቦታው ይቆማል። ወደ ላይና ወደ ታች መፈተግ ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው፤ ሄዱ ወደ ጎን የሚመጣውን ክር እንዲችል እንጂ ከላይ ወደ ታች የሚመጣውን ግፊት እንዲችል አልተሠራም። በመጥረጊያው ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር እድፍ ሲወጣ መጥረጊያውን ለውጦ እድፍ እስከማይወጣ ድረስ መድገም ይገባል።

ክሩን የሚመሩትን ምሰሶዎችና ክሩን የሚስበውን ቀጭን ዘንግም በዚያው መጥረግ መልካም ነው። ከዘንጉ ጋር ክሩን ጨብጦ የሚይዘውን የጎማ ተሽከርካሪ ግን በአልኮል ማብዛት ጎማውን ያደርቀዋል፤ በውሃ እርጥብ ባለ ጨርቅ ቢጠረግ ይበቃዋል። በአፍ እፍ ማለት ምራቅና እርጥበት ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም። ሁሉም ካለቀ በኋላ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ተከፍቶ ይድረቅ። መጀመሪያ የሚገባበት የደንበኛ ካሴት ሳይሆን ያው የመሞከሪያው ካሴት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቀበቶው ወይም ሞዛይኩ ካልጠፋ ሄዱ አልቋል ወይም ተሰብሯል። ድራም መለወጥ ብዙውን ጊዜ ከካሜራው ዋጋ ስለሚበልጥ፤ በዚያን ጊዜ ካሜራው ለመለዋወጫነት ይቀመጥ።

የደንበኛን ካሴት ስለ መቀበል

አንድ ደንበኛ አራት የሚኒ ዲቪ ካሴት ይዞ መጣ እንበል። ባለሱቁ ወዲያው ከካሜራ ውስጥ ከማግባቱ በፊት በካሴቱ መስኮት በኩል ክሩን በብርሃን ይመልከት። በጥቅልሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ከታየ ሻጋታ ነው፤ ይህ ካሴት ብቻውን ሄዱን ከማቆሸሹም በላይ፣ በእርሱ ምክንያት ሻጋታው ቀጥሎ ወደሚገቡት ሦስት ካሴቶች ይዛመታል። ስለዚህ ለይቶ በከረጢት ማኖርና ለባለቤቱ መግለጽ ይገባል። ዱቄት የሌለበት ካሴት ግን በስሕተት እንዳይቀረጽበት በጀርባው ያለችው ትንሽ መዝጊያ ሴቭ ወደሚለው ትገፋ። በቪ.ኤች.ኤስ. ይህ የሚደረገው ጆሮዋን በመስበር ነው። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ክር ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል፤ ከመጫወቱ በፊት እስከ መጨረሻው አሳልፎ ወደ መጀመሪያው መመለስ ይረዳዋል።

ደረሰኙ ላይ የካሴቱ ብዛትና በምርመራ የታየው ሁኔታ ይጻፍ። በቆሸሸ ሄድ የተቀረጸ ካሴት ሞዛይኩ በክሩ ላይ ተጽፎ ስለሚቀር፣ የትኛውም ንጹሕ ካሜራ ሊያስተካክለው አይችልም፤ ይህን ደንበኛው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቢሰማው ይቀበለዋል፤ ገንዘብ ሲከፍል ቢሰማው ግን ባለሱቁ አበላሸው ብሎ ያምናል። ከዚህ የተነሣ የጠፋ ደንበኛ በምንም ማስታወቂያ አይመለስም።

የሚኒ ዲቪ ግልበጣ ፋየርዋየር በሚባለው ገመድ ሲሆን በክሩ ላይ ያለው ሳይቀነስ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል፤ የአንድ ሰዓት ካሴት 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። በአሁኑ ጊዜ የሚሸጡት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ይህ መሰኪያ ስለሌላቸው፤ አሮጌውን ኮምፒዩተር ጠብቆ ማቆየት ካሜራውን የመጠበቅ ያህል ነው።

ለአስመጪዎች

ከውጭ አገር በጅምላ የሚገዛ ያገለገለ ካሜራ «ያልተሞከረ» ተብሎ ሲጻፍበት፤ ብዙውን ጊዜ ሻጩ ሞክሮት አልሠራ ያለው ነው ብሎ መገመት ጥንቃቄ ነው። እርግጥ ከእነዚህ ውስጥ ሄዳቸው የቆሸሸ ብቻ የሆኑ አይጠፉም፤ ትርፍም የሚገኘው ከእነርሱ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ተስፋ ሙሉ ዋጋ መክፈል አይገባም። ሻጩ ሦስት ነገር በቪዲዮ እንዲያሳይ ይጠየቅ፤ ካሜራው ያለ ካሴት የሚያሳየውን ሥዕል፣ በሌላ ካሜራ የተቀረጸ ካሴት ሲያጫውት፣ በራሱ ቀርጾ ሲያጫውት።

የሥርዓቱ ልዩነትም አይዘንጋ። በአገራችንና በአብዛኛው አውሮጳ የተለመደው ፓል በሰከንድ 25 ሥዕል የሚያሳይ ሲሆን፤ የአሜሪካው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ወደ 30 ይጠጋል። ከዋሽንግተን የመጣ ካሴት በፓል ካሜራ ውስጥ ሥዕሉ ቢጠፋ ወይም ቢዛባ ሄዱን መጥረግ ከንቱ ድካም ነው። የሁለቱንም ወገን ደንበኞች ለማገልገል የሚፈልግ ሱቅ ከሁለቱም ሥርዓት አንዳንድ ካሜራ ሊኖረው ይገባል። የአሜሪካው ካሜራ አዳፕተር ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት ሶኬቱን ብቻ ለውጦ እዚህ ሊሠራ ይችላል።

ስምንት ሚሊሜትር ካሴት ለሚገለብጡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ከወጡት የዲጂታል 8 ካሜራዎች መካከል አሮጌውን ቪዲዮ 8ንና ሃይ 8ን አንብበው በፋየርዋየር የሚያወጡ አሉ። ሁሉም ግን ይህን አያደርጉም፤ ከመግዛት በፊት የሞዴሉን መመሪያ መጽሐፍ ተመልክቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ማጽጃ ካሴት፣ 99 ከመቶ አልኮልና የስፖንጅ መጥረጊያ ከካሜራው ጋር በአንድ ጭነት ቢመጡ የሚይዙት ቦታ ጥቂት ነው፤ ባዶ ሚኒ ዲቪ ካሴትም፣ ሶኒ መሥራቱን ካቆመ በኋላ ከየመጋዘኑ የሚገኘው ቀሪ ክምችት ስለ ሆነ፣ ሲገዛ ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑን ማየት ይገባል።